የአቶ አራጋው ዶቅዶቄ ዳገት ላይ የቆመች ዕለት

አንድ ተረት አለ፤ ግማሹን አገር ያውቀዋል። ሰው ሲታለል ወይም ዕቃው ሲወሰድበት ያቺን ግማሽ ጣል ያደርጉለታል፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ግን ተረቱን እዚያ ላይ አያቆመውም፤ የሚያስከትላት ሌላ ግማሽ አለችው። ከየት አመጣችሁት ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከተገኘ የአቶ አራጋውን ነገር ያወሩለታል።

አቶ አራጋው ዕድሜያቸውን ከብት ሲከትቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የቀረቻቸው በየገጠሩ የተንከራተቱባት አሮጌ ዶቅዶቄ ናት። ቀለሟ ረግፏል፣ መቀመጫዋ ተለጣጥፏል፣ ድምጿ ግን ከማዶ ይለያል። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ተጠራጣሪ ነበሩ። ስኳር ሲገዙ ጎንበስ ብለው ሚዛኑን ከሥር ያዩታል። ሠርግ ቤት ጃንጥላቸውን ከጭናቸው ሥር ሸጉጠው ይበላሉ። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። ከብዙ ዓመት በፊት ዶቅዶቄዋን አንድ ጋራዥ ትተው ቢመለሱ፣ ደህናው ካርቡራተር ወጥቶ ያለቀለት ተገጥሞላቸው አገኙ። ከዚያ ወዲያ መካኒክ ሁሉ ለእሳቸው አንድ ሰው ሆነ።

ታዲያ በአንዱ ክረምት መውጫ ከዶቅዶቄዋ የቤንዚን ጋን ሥር ያለችው መክፈቻ ማንጠባጠብ ጀመረች። ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ፤ ባለቤታቸውም ቤቴን ሳያቃጥሉብኝ ወይ ያሠሯት ወይ ያውጧት አሉ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነበረባቸው። የሟች ወንድማቸው ልጅ ሸጋው ኩታበር ካለች ልጅ ጋር ተዋዶ፣ ለቤተሰቧ ሽማግሌ እንዲላክ እሑድ ተቀጥሯል። ወንድማቸው በሞት አልጋው ላይ ሳለ ልጄን ስትድረው የምትናገርለት አንተ ነህ ብሎ አደራ ጥሎባቸው ነበርና፣ አቶ አራጋው ይህችን ቀን ለዓመታት ጠብቀዋታል። በልባቸው የሚሉትን ቃል ሳይቀር ሰድረው ጨርሰዋል።

ዶቅዶቄዋን ኑርዬ ወደሚባል መካኒክ ወሰዷት። እሷን የመሰለች ከገበያ ከጠፋች ቆይታለችና የራሷ መክፈቻ አልተገኘም። ኑርዬ ለሌላ ሞተር የተሠራ አዲስ መክፈቻ አመጣ፤ ጥርሱ ከጋኑ ጋር እንዲገጥምም መሀል የሚገባ ቀለበት ቶርኖ ቤት አስቀረጸለት። አቶ አራጋው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው እጁን እጁን ያዩታል። ቤንዚኑን በጀሪካን ሲቀዳ እግራቸውን ከጀሪካኑ ጋር አስጠጉ። አሮጌዋን መክፈቻ ሲፈታት ተቀብለው በጋዜጣ ጠቀለሏት። ይቺ ጎማ ምንድን ናት፣ ያ ቡሎን የት ገባ እያሉ ሲጠይቁት ኑርዬ ሳይሰለች መለሰላቸው። ገጥሞ ጨርሶ ቤንዚኑን ቢመልሰው ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

«ጋሼ አራጋው፣ አንዲት ነገር ልብ ይበሉልኝ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የድሮዋ እጀታዋ ወደ ታች ሲሆን ነበር የምትከፍት። ይህቺኛዋ ወደ ታች ስትሆን ትዘጋለች፤ የምትከፍተው ወደ ጎን ስትሆን ነው። እላይዋ ላይ ክፍት፣ ዝግ ተብሎ የተጻፈውንም አይመኑት፤ እንድትገጥም ብዬ አዙሬ ነው ያስገባኋት።»

አቶ አራጋው እሺ ብለው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ግን የተጻፈውን አይመኑት የምትለው ቃል ጆሯቸው ውስጥ ቀረች። የተጻፈውን አትመን የሚል ሰው ምን የሚደብቀው አለው? ቤንዚኑ ሌት ተቀን ክፍት ሆኖ እንዲያፈስ፣ እሳቸውም ተመልሰው እሱ ደጅ እንዲቆሙ ፈልጎ እንደሆነስ? ቤት እንደደረሱ እጀታዋን እንደ ጥንቱ ወደ ታች አዞሩና መርገጫውን ረገጡ። ዶቅዶቄዋ አንዴ ተነሣች። ጥቂት አስጓርተው አጠፏትና፣ ይኸው፣ ውሸቱን ነው፣ አሉ። ካርቡራተሩ ውስጥ የተጠራቀመች ቤንዚን ለትንሽ መንገድ እንደምትበቃ የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ያን ዕለት ግን የኑርዬን ውሸት እንጂ ሌላ ነገር አላሰቡም።

እሑድ ጠዋት ሌሎቹ ሽማግሌዎች በሚኒባስ ሊሄዱ ሲነሡ አብረን እንሂድ አሏቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። ሚኒባስ ሰው ሲለቅም ያረፍዳል። ደግሞም ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ መኩሪያ አፉ ይጣፍጣል የሚባል ሰው ነውና፣ ከጎኑ ተቀምጬ ብሄድ ያሰብኩትን ቃል መንገድ ላይ ከአፌ ይወስደዋል ብለው ፈሩ። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ከኋላ አስረው ቀድመው ወጡ።

ከተማውን ለቀው ዳገቱን እንደጀመሩ ዶቅዶቄዋ ሳል ሳል አላት፤ ከዚያ ጸጥ አለች። የጋኑን ክዳን ከፍተው አሸተቱ፤ ቤንዚን ነው። ነቀነቁት፤ ሙሉ ነው። ኑርዬ ውሃ ቀላቅሎበት ይሆን? እግራቸው ጀሪካኑ አጠገብ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አንድ ጊዜ ወደ መንገድ ዞር ብሎ ነበር። እሷን ጊዜ ጠብቆ ነው አሉ። ሱፋቸው በላብ እስኪርስ መርገጫውን ረገጡ፤ እሷ ወይ ፍንክች።

ሚኒባሱ ደረሰ። አቶ መኩሪያ ወርዶ፣ ዶቅዶቄዋን መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠው ሴት ትጠብቅልህ፣ አንተ ና ግባ አላቸው። አቶ አራጋው ሴትዮዋን አዩ፤ ሴትዮዋ ደግሞ ዶቅዶቄዋን እያየች ነበር። ያ አላማራቸውም።

«እናንተ ሂዱ፣ እደርሳለሁ» አሉ። «ያለ እኔ ግን ቃል እንዳይወጣ።»

«አባ ጓንጉል ቀጠሮ ሲዛነፍባቸው እንደማይወዱ ታውቃለህ፤ ኋላ እንዳታሳፍረን» ብሏቸው አቶ መኩሪያ ተመልሶ ገባ። አባ ጓንጉል የልጅቷ አባት ናቸው።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። አቶ አራጋው ይፈታሉ፣ ይነፋሉ፣ ይረግጣሉ። ቆሎ ሻጯ ብዙ ካየቻቸው በኋላ፣ ይህችን ነገር የሠራልዎት ሰው ሲሰጥዎት ያለዎት ነገር የለም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በምሬት ነገሯት፤ እጀታው ወደ ታች ሲሆን ይዘጋል ብሎ ሊያታልላቸው እንደሞከረ፣ እሳቸው ግን እንዳልተሞኙለት።

ሴትዮዋ እፍኝ ቆሎ ወደ ሰፌዷ መለሰች። «እንግዲያው አንድ ጊዜ ይታለሉለትና ይዩት» አለቻቸው።

አቶ አራጋው ጎንበስ ብለው እጀታዋን ወደ ጎን አዞሯት። ቤንዚኑ በቀጭኑ ቱቦ ሲወርድ በዓይናቸው አዩት። ጥቂት ጠብቀው ረገጡ፤ ዶቅዶቄዋ ተነሣች። ሴትዮዋን አመስግነው ወጡ እንጂ ደስታ አልተሰማቸውም፤ ዳገቱን ሲጨርሱ ፊታቸው እንደ እሳት ይፋጅ ነበር።

አባ ጓንጉል ቤት ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው አገኟቸው። ልቡና ያለው ሰው ይህን ሲያይ ነገሩ ማለቁን ያውቃል፤ ለልጅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና። የሆነው እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ይዘው ረጅም ሰዓት ቆመዋል። አቶ መኩሪያ በር ድረስ እየወጣ መንገዱን አይቷል። አባ ጓንጉል የሚናገር የሌለው ሽምግልና አይቼ አላውቅም ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ መኩሪያ ጨንቆት ተናገረ። ሲናገርም የሟቹን ስም አስቀድሞ፣ ይህ ቃል የእኔ አይደለም፣ የወንድሙ የአራጋው ነው፣ ተውሼው ነው ብሎ ነው። ልጅቷ ተፈቀደች፤ ምርቃቱም ተመረቀ።

ይህን ሲሰሙ አቶ አራጋው መኩሪያን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ለዓመታት የሰደሩት ቃል ሳይነገር ቀረ። አባ ጓንጉል ከጎናቸው አስቀመጧቸውና፣ ምን አገኘዎት ብለው ጠየቁ። ጎማ ተንፍሶብኝ ነው ማለት ይቻል ነበር። አቶ አራጋው ግን ውሸት የሚፈልጉበት አቅም አልነበራቸውም፤ ስለ ኑርዬ፣ ስለ እጀታዋ፣ ስለ ሚኒባሱም፣ መኩሪያን ስለ ጠረጠሩትም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ።

ማንም አልሳቀም። መኩሪያ ወደ መሬት አየ። አባ ጓንጉል ጠላቸውን ፉት ብለው ዋንጫውን አስቀመጡና ረጋ ባለ ድምፅ፣ «እኛም ግማሹን ብቻ ስንል ኖረናል፣ አቶ አራጋው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ሁሉን የጠረጠረ መንገድ ላይ ቀረ» አሉ።