በአንድ ሙቀጫ ሁለት ዘነዘና

አንዲት እናት ነበረች፤ ደብሪቱ ይሏታል። ሳንባዋን ታመመችና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። ፊቷ ላይ ማስክ አሰሩላት፤ ከማሽኑ አየር እየገፋ ወደ ሳንባዋ የሚያስገባ ጠበቅ ያለ ማስክ።

እስቲ አስቡት ምእመናን! መኪና ውስጥ ሆናችሁ መስኮት ስትከፍቱ ነፋሱ አፋችሁ ገብቶ አፍኗችሁ አያውቅም? እንደዚያ ነው። እሷ ልታስወጣ ስትል ማሽኑ ያስገባል። አየሩ ሊረዳት ነበር የመጣው፤ እሷ ግን ያነቃት መሰላትና ታገለችው። ማስኩን መንጭቃ ጣለችው።

"እማዬ፣ ኧረ በማርያም!" አለች ልጇ ፍሬሕይወት። "ታገሺ! በርቺ! አይዞሽ!"

ሐኪሙ ልጅቷን ወደ ጎን ወሰዳትና፣ "ማስኩን ካልተቀበሉት በጉሮሯቸው ቱቦ ማስገባታችን ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ያንን ባናደርግባቸው እመርጣለሁ" አላት። ደብሪቱ ሰማች። ሳንባዋ ታመመ እንጂ ጆሮዋ ምን ሆነ! ፈራች። በፈራች ቁጥር የበለጠ ታገለች።

ለመሆኑ ስንቶቻችሁ ናችሁ "በርቱ" ስለተባላችሁ ብቻ የበረታችሁ?

ነርሷ ሲስተር ምንታምር ናት መላ የፈለገችው። "ማንን ነው እሺ የሚሉት?" ብላ ጠየቀች። ፍሬሕይወት ሳታመነታ፣ "እትዬ ላቀችን" አለች። ላቀች የድሮ ጎረቤታቸው ናት። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ሲበተን አንዷ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ ሌላዋ ከከተማው ማዶ ቤት ተከራየች። ያ ሁሉ ፍቅር በዓመት በዓል ስልክ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ላቀች ደረሰች። ምን ብላ የገባች ይመስላችኋል? አይዞሽ አላለችም። ወንበር ሳበች፣ ቁጭ አለች፣ እጇን ያዘችና፣ "አንቺ ደብሬ፣ የቱ ጋ ነው የሚቆጠቁጥሽ?" አለቻት።

ደብሪቱ አፍንጫዋን ጠቆመች። ቀጥላም ከንፈሯን። ሲስተር ምንታምር ማስኩን አንሥታ ብታይ፣ አፍንጫዋ ማስኩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀልቷል፤ ከንፈሯም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለስላሳ ነገር ለጠፈችላት፣ ማሰሪያውን ላላ አደረገችው፣ አፏን አራሰችላት። "እማማ፣ ሲከብድዎ እጅዎን ያንሡልኝ፣ ትንሽ አሳርፍዎታለሁ" አለቻት። ፍሬሕይወት እንባዋ መጣ። እናቷን ስታበረታታ ነው የሰነበተችው፤ የቱ ጋ እንዳመማት ግን አልጠየቀቻትም ነበር።

ማስኩ ሲመለስ ፍርሃቱም ተመለሰ። የደብሪቱ እጅ እንደገና ወደ ፊቷ ሄደ።

"አንቺ!" አለቻት ላቀች። "የበርበሬውን ሰሞን ረሳሽው እንዴ?"

እንዴት ትረሳለች! በዚያ ግቢ፣ በአንድ ሙቀጫ ላይ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ይወቅጡ ነበር። በርበሬው እንዳያስነጥሳቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥፍንግ አድርገው ያስራሉ፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ባሎቻቸው እያስነጠሱ ወደ ውጭ ሲሮጡ እነሱ ከነጠላው ሥር ይንከተከታሉ። የአንዷ ዘነዘና ሲወርድ የሌላዋ ይነሣል። የቸኮለችም ታጋጫለች፣ የዘገየችም ታጋጫለች። ጎረቤትህን ካልጠበቅህ በርበሬው አይደቅም። ወይ ያ ዘመን! ዛሬ ወፍጮ ቤት አለልን፤ ማን ከማን ጋር ይወቅጣል?

"ፊትሽ ላይ ያለው ነጠላሽ ነው" አለቻት። "ያ ማሽን ደግሞ እኔ ነኝ። የእኔ ሲወርድ ተቀበዪ። አሁን ያንቺ፣ አውጪ። አሁን የእኔ። ኧረ አትሽቀዳደሚኝ፣ ድሮም ችኩል ነሽ!"

ደብሪቱ ማስኩ ውስጥ ሳቀች። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ገጠመላት፣ ሌላም ገጠመላት፣ ትከሻዋ ወረደ። ላቀች ምሳ እስኪደርስ ድረስ ሳትነሣ "የእኔ፣ ያንቺ" ስትላት ዋለች። ያ ቱቦ ሳያስፈልጋት ቀረ። ከሳምንት በኋላ ላቀችን ተደግፋ በእግሯ ወጣች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እናንተስ ወገኖቼ? በሽተኛ ትጠይቃላችሁ፤ ጎበዞች ናችሁ። ብርቱካን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከግርጌ ትቆማላችሁ፣ "አይዞህ፣ ጠንከር በል" ትላላችሁ፣ ሰዓታችሁን ታያላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ክፉ ስለሆናችሁ ነው? አይደለም፤ ትወዱታላችሁ። ግን የቱ ጋ እንደሚቆጠቁጠው ጠይቃችሁታል? ወይስ የእናንተው ማጽናኛ ሊያስወጣ ሲል የሚገፋው አየር ሆኖበታል? በሐዘን የተመታውንስ? ትዳሯ የፈረሰባትንስ?

ሰፈራችን ፈርሷል፤ እውነት ነው። ሙቀጫውም የት እንደገባ አናውቅም። እኔም ይናፍቀኛል። ሰዎቹ ግን አሉ! አብረዋችሁ የወቀጡ፣ አብረዋችሁ ያለቀሱ፣ ልጃችሁን በጀርባቸው ያዘሉ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። አሁን እዚህ ስነግራችሁ፣ ከእነሱ አንዱ ትንፋሽ አጥሮት ተኝቶ በሩን ያያል። ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ስሙ አሁን ትዝ ብሏችኋል።

ከዚህ ስትወጡ ቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። እሱ ጋ ሂዱ፣ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።