ከቦዩ ራስ የተተከለ ሙዝ

«አንዲት ገበሬ ነበረች» አሉ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ሲስተር ጥሩወርቅ።

ትርንጎ ግን ተረት ፍለጋ አልነበረም የመጣችው። የእንቅርት ዕጢዋ ስለደከመ ለዓመታት ክኒን ስትውጥ የኖረች አስተማሪ ናት። አሁን ደግሞ የወር አበባዋ ቀረ። ከደረቷ የሚነሳው ወላፈን ቢያስቸግራት የሴቶች ሐኪም የሆርሞን ክኒን ሰጣት። ወላፈኑስ በረደ። ድካሙ ግን እንደ ድሮው ተመለሰ፤ የገዛ ተማሪዎቿ ስም ይጠፋባት ጀመር። ማስተማሩን ልትተው ነው። «ሲስተር፣ የትኛውን ክኒን ልጣል? ወይስ እርጅና ነው?» ስትል እንባዋ መጣ።

«ስሚኝማ፣ የኔ ልጅ። ይህች ገበሬ ሽንኩርት ታለማ ነበር። ባገሯ ደንብ የቦይ በር የሚከፍቱትም የሚዘጉትም የውሃ አባት የሚባሉት ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ማሳዋን አይተው በሩን በልኩ ከፈቱላት። ሽንኩርቷ አማረ።

«ኋላ ፀሐዩ በረታባት። ለጥላ ብላ ከማሳዋ በላይ፣ በቦይዋ ዳር ሙዝ ተከለች። እሰይ፣ ደግ አደረገች! ጥላው ደርሶላት አረፈች። ለውሃ አባት ግን አልነገረችም። ‹ጥላ የቤት ጉዳይ ነው፤ እሳቸው ምን አገባቸው?› አለች። ሞኝ ሆና አይደለም፤ ማንም እንደዚያ ያስባል።

«ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነ። ጎረቤት መጥቶ ‹መሬትሽ አርጅቷል፤ ተይው› አላት። መካሪ መቼ ይጠፋል! ከዚያ ማሳ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም፤ ሆዷ ባባ። አንድ ማለዳ መጥረቢያ አንስታ ሙዙን ልትቆርጥ ሄደች።

«የውሃ አባት ደረሱባት። ‹ተይ፣ ተይ!› ብለው መጥረቢያውን ተቀበሏት። ጫማቸውን አውልቀው ቦዩ ውስጥ ገቡና ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። ‹መሬትሽ ምንም አልሆነ። የሚመጣውም ውሃ ያው ነው። ሙዙ ግን ቀድሞ ይጠጣዋል። ምነው ስትተክዪ ብትነግሪኝ?› አሏት። በሩንም ጥቂት አሰፉላት። ብዙ አይደለም፤ ሽንኩርት ውሃ ከበዛበት ይበሰብሳል። ‹ሰንብቼ ተመልሼ አየዋለሁ› ብለው ሄዱ። ሽንኩርቱ አገገመ፤ ሙዙም አልተቆረጠ።»

ሲስተር ጥሩወርቅ ወደ ትርንጎ ዞሩና እጇን ያዙ።

«ማሳው አንቺ ነሽ፣ ሙዙ የሆርሞኑ ክኒን። የእንቅርቱ መድኃኒት የተለካልሽ ሙዙ ሳይተከል ነው። የምትውጪው ሆርሞን ከዚያ መድኃኒት ከፊሉን ይዞ ሊያስቀርብሽ ይችላል። ለእንቅርት ሐኪምሽ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም» አለች ትርንጎ። «የሴት ጉዳይ ነው ብዬ...»

«አየሽ! እንግዲህ አንዱንም አትጣይ፤ በገዛ እጅሽም አትጨምሪ። ሁለቱንም ይዘሽ ወደ እንቅርት ሐኪምሽ ሂጂና ደምሽን ይለኩት፤ ልኩንም እነሱ ያስተካክሉልሽ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ እንደገና ትለኪያለሽ። ማርጀቱንማ ሁላችንም እናረጃለን፤ አንቺን ያጠወለገሽ ግን ጥም ይመስለኛል፣ ልጄ።»