ዳቦ ያረረባት ባለተራ

አንድ አባባል አለ። ማዕድ ላይ ትልቁን ለሚያነሳ ሰው በጎን ፈገግ እያልን የምንወረውረው ነው፤ ተወርውሮበት የማያውቅ ጎረቤት ካለ እጁን ያንሳ። ሲጀመር ግን ለሆዳም የተባለ አይደለም። ለአንጓች ነው የተባለው አሉ፤ አንጓች ደግሞ በሁሉም ብትታማ በሆዷ አትታማም።

አንጓች የሾላ ማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ማኅበሩ በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ባለተራ የሆነው ይደግስና ሲያበቃ ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። በዚያ አገር ታዲያ አንድ ሥርዓት ነበር፦ ባለተራው ከገዛ ድግሱ ካልቀመሰ ጽዋው ከቤቱ አይወጣም።

አምና ተራዋ ሲደርስ ጠላዋ ቀጥኖባት ነበር። አፏ የማያርፈው ጎረቤቷ ዘርፌ ቀምሳ፣ «አንጓችዬ፣ ዋንጫውን ያለቀለቅሽበትን ውሃ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?» ስትል ቤቱ ሳቀ። ሰዉ ስቆ ረሳው። አንጓች ግን አልረሳችም።

ዘንድሮ ዳቦዋን በኮባ ጠቅልላ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ ስትጋግር፣ ዐይኗ ምድጃው ላይ፣ ልቧ ዘርፌ ላይ ነበር። በሐሳቧ መልስ ትመልስላታለች። አንዱ መልስ አላረካ ሲላት ሌላ ትፈልጋለች። በሐሳብ ክርክር ተሸንፎ የሚያውቅ የለምና በመጨረሻ የሚያንጨረጭር መልስ አገኘች፤ ዘርፌን አፏን አስያዘቻት። ልክ ድሉን ስታጣጥም የዳቦው ታችና ጠርዙ አርሮ ሸተታት።

«አንቺ ገልቱ፣» አለች ራሷን። «አንቺ እጀ ሰባራ፣ ዘንድሮም ደገምሽው?» ጠላቷን እንኳ በዚህ አፍ ተናግራ አታውቅም።

እንግዶቹ መጡ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አባ ይመኑ ዳቦውን ባረኩ። አንጓች ያረረውን እየፋቀች ለሁሉም ከመሐል ከመሐሉ ቆረሰች። በየቁራሹ ላይ «ይቅር በሉኝ» ታክልበታለች። «ኧረ ይጣፍጣል» ይሏታል፤ አትሰማም። እንዲያውም ይቅርታው ስለበዛ አንዳንዱ እንግዳ ዳቦውን ይዞ ምን እንደተበደለ ያስብ ጀመር።

ተበላ፣ ተጠጣ። ጽዋውን የምትረከበው ዘርፌ ነበረችና፣ «በይ ቅመሺና ይዤው ልሂድ፣» አለች።

«እኔ በልቻለሁ።»

«መቼ? ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ እንኳ አላልሽ።»

አንጓች ካረረው ጠርዝ ጥፍር የምታህል ቆርሳ ያዘች።

ዘርፌ ጠጋ ብላ አየች። «ይቺ ለጉንዳን ናት ወይስ ለሰው?»

«ላበላሸ ሰው ይቺም ትበዛበታለች።» ከዚያ አንጓች ቢላዋውን አስቀምጣ ወደ አባ ይመኑ ዞረች። «አባቴ፣ ከዛሬ ወዲያ ከማኅበሩ ልውጣ። አምናም ዘንድሮም አሳፈርኳችሁ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አራስ ጠያቂዋ እሷ፣ የሐዘንተኛ ደጅ ቀድማ የምትረግጠው እሷ፤ አንጓች ወጥታ የሚቀረው ማኅበር ምን ዓይነት ማኅበር ነው?

አባ ይመኑ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «መውጣቱን ትወጫለሽ፣ ማን ይይዝሻል። ግን መጀመሪያ ለአንዲት ሴት ዳቦ አድርሺልኝ። ስመጣ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጣ አየኋት። ለማኅበር የጋገረችው ዳቦ አርሮባት፣ ሰው ፊት መቅረብ አፍራለች። እህል አልቀመሰችም።»

ሽማግሌ ለማስታረቅ ቢዋሽ አይኮነንም ይባላል። ማንን ከማን ሊያስታርቁ እንደሆነ ግን ከዘርፌ በቀር የገባው አልነበረም።

«ውይ በሞትኩት፣» አለች አንጓች። «እስካሁን ዝም ይሉኛል?» ቢላዋዋን አንስታ ከመሐሉ፣ ለስላሳውን፣ ሁለት እጅ የሚሞላ አድርጋ ቆረሰች። «ዳቦ ነው ያረረው፣ ሰው አልሞተ፣» ትላለች በቅጠል እየጠቀለለች። «እሳት ያላታለለው ማን አለ? እንዲያው ለዚህ ብላ ትራብ?»

ዘርፌ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አንጓች ወጣች። በአጥሩ ዙሪያ «እህቴ፣ ኧረ እህቴ» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጥቂት ቆይታ ዳቦውን እንደታቀፈች ተመለሰች።

«የለችም አባቴ። አፍራ ሄዳ ይሆናል፤ አንጀቴን በላችው።»

«ብታገኚያት ምን ትያት ነበር?»

«ምን እላታለሁ፤ አይዞሽ፣ ዳቦ ነው ያረረው፣ ነይ ግቢና ከሰው ጋር...»

አንጓች እጇ ላይ ያለውን ዳቦ አየች። አባ ይመኑን አየች። ዘርፌ መቻል አቅቷት ፈነዳች፤ ቤቱ ተከተላት። አንጓች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብለው ሊያባብሏት ተነሱ፤ ነጠላውን ሲገልጡት እየሳቀች ነው።

«እኔ እኮ አምና ያልኩትን ከደጃፍሽ ሳልወጣ ነው የረሳሁት፣» አለች ዘርፌ ዐይኗን እየጠረገች። «አንቺ ዓመት ሙሉ አዝለሽኝ ዞርሽ? አልከበድኩሽም?»

«ከብደሽኛል እንጂ። እንዳንቺ የሚከብድ የት አለ?»

«ዳቦው እሳት ላይ ሳለ አንቺ አምና ነበርሽ፣» አሉ አባ ይመኑ። «አሁን እጅሽ ላይ ነው። እስቲ አንቺም እዚሁ ሁኚና ብዪው።»

ተቀመጠች፤ ገመጠች። ጥቁር አዝሙዱ መጣ፣ ከዚያ የኮባው ሽታ፣ ከዚያ የእርሾው ቀለል ያለ ኮምጣጣነት። ቀስ ብላ አኘከች። ሰዉም ስታኝክ አያት።

«ጣፋጭ ነው እኮ፣» አለች፣ የሰው ዳቦ እንደቀመሰ ሰው ተገርማ።

«ከጠዋት ጀምሮ ታዲያ ምን ስንልሽ ነው የዋልነው?» አለች ዘርፌ።

ያንን ጨርሳ ሌላ ልትቆርስ ስትል ግን ልማድ ክፉ ነውና ቢላዋው ወዳረረው ጠርዝ ሸተት አለ። አባ ይመኑ ጽዋውን ለዘርፌ ሊያስረክቡ ተነስተው ነበር፤ እንደቆሙ የአንጓችን ክንድ ያዝ አደረጉና ቢላዋውን ወደ መሐሉ እየመለሱ፣ «ስሚ ልጄ፣ እናንተም ስሙ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» አሉ።