ያልደረቀ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ያውም በሰንበሌ ከተማ ሞተር ብስክሌት ከሰው እኩል ይከበር በነበረበት ወቅት፣ ጋሽ ወልደየስ የሚባሉ የከብት ሐኪም ነበሩ። እንግዲህ ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ትቼው እነሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ፤ የዚህን ቤት ነገር ግን ፈትቼ መግጠም አቅቶኛል።

ጋሽ ወልደየስ ቆላ ወርደው ከብት ሲከትቡ ይውሉና ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሞተራቸውን አስነስተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ዘጠኝ ሰዓት ካሉ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ንጉሥ ቢጠራቸው አይቆዩም። ቁልፉን ከኪሳቸው አይለዩትም። ልጆቻቸው ሲለምኗቸው «አርጅቼ መንገዱ ሲያቅተኝ፣ ቤቴ ላደረሰኝ ልጅ እሰጠዋለሁ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ባለፈው ክረምት ዳንቆ ወንዝ ሞልቶ ወሰዳቸው። ሞተሩ ወንዙ ዳር ተገኘ፤ እሳቸው ግን አልተገኙም። አስከሬን ስለሌለ ልብሳቸው ተይዞ ተለቀሰ። ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ መጣና ግቢው ውስጥ በመሀል ማቆሚያው ቆመ፤ እንዲያ ሲቆም የኋላ ጎማው መሬት አይነካም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ጎማ መዞር ጀመረ። ሞተሩ አልተነሳም። ቁልፍም የለውም፤ ቁልፉ ከሰውዬው ጋር ሄዷል። ጎማው ቀስ እያለ፣ ቀጭ… ቀጭ… እያለ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ዞሮ ቆመ። በስመ አብ! ለማጽናናት የመጣው ጎረቤት ነጠላውን ጥሎ ሸሸ። የሟች ሚስት እትዬ ወደርየለሽ ግን ቀረብ ብለው ጎማውን ዳሰሱና እጃቸውን ለልጆቻቸው አሳዩ። እርጥብ የወንዝ ደለል ነበር።

«መንገድ ላይ ነው» አሉ። «እየመጣ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጎማው በየቀኑ በሰዓቱ ይዞራል፣ ቤተሰቡም በየቀኑ ጭቃውን ያያል። ደለሉ አለቀና ጥቁር መረሬ ሆነ፤ የሜዳው አፈር ነው። መረሬው አለቀና ቀይ ጠጠር ሆነ፤ ከከተማው በታች ያለው የከርከሬ አቀበት ነው። ሊደርሱ ነው ማለት ነው! እትዬ ወደርየለሽ ግን ቀን ይቆጥራሉ። «አርባው ሳይወጣ ካልገባ መንገደኛ ሆኖ ይቀራል፤ አያቴ ነግራኛለች» እያሉ እንቅልፍ አጡ። በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ጎማው ትንሽ ዞረና የሚያዞረው ካቴና ተንሸራተተ፤ ጎማውም ወደኋላ ተመለሰ። በሠላሳ ሰባተኛውም ያው ነው። በሠላሳ ስምንተኛውም ያው ቀይ ጠጠር።

ሦስት ልጆች አሏቸው። መካከለኛዋ ይመኙሻል ጋራዥ ውስጥ ትሠራለች። አዎ፣ ሴት ናት፤ ምን ያስቃል? ጎንበስ ብላ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ካቴናው የሚጠመጠምበት የኋላው ጥርስ አልቋል። ከግቢ ንቅንቅ ያላለ ሞተር ጥርሱ እንደ ድመት ጥፍር ሾሎ ጎብጧል።

«አባባ በዚህ ጥርስ አቀበቱን አይወጣውም» አለች።

ታላቁ ልጅ ዘርጋው ሰው በሞተር እያመላለሰ አራት ልጆች ያሳድጋል። ለእንደዚያ ያለ አሮጌ ሞተር የሚሆን ጥርስ በከተማው ሱቅ ሁሉ ጠፋ። የዘርጋው ሞተር ግን ከአባቱ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሚስቱ «ነገ ምን ልንበላ ነው?» ብትለው «የነገን እግዜር ያውቃል» ብሎ የራሱን ሞተር ፈታና ገና ያልተበላውን ጥርስ አውልቆ አመጣ። ካቴናውንም አብሮ ይዞ ነበር። ጥርስና ካቴና ባልና ሚስት ናቸው፤ አብረው ያረጃሉ፣ አብረው ይቀየራሉ። እትዬ ወደርየለሽ ግን የባላቸው ካቴና ላይ ተደፉበት። «በእጁ ዘይት የቀባው ነው፤ እሱን አትንኩብኝ!» ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። እኔ ብሆን አልሰማም ነበር እላለሁ፤ ግን ሐዘን ላይ ያለች እናት እንዴት እምቢ ትባላለች?

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ይመኙሻል ጎማውን አወለቀች። አሮጌውን ጥርስ የያዙት ስድስት ብሎኖች ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ነጭ ጋዝ እያጠጣች፣ በመዶሻ መታ መታ እያደረገች አንድ በአንድ ለመነቻቸው። ስድስተኛው ሲፈታ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። የዘርጋውን ጥርስ ገጠመች፣ ጎማውን መለሰች፣ የተለጠጠውን አሮጌ ካቴና አለበሰችው። የካቴና ውጥረት የሚለካው በሁለት ጣት ነው፤ ከሥር ገፋ ታደርገዋለህ፣ ሁለት ጣት ያህል ከተላወሰ ልክ ነው። ይመኙሻል ሁለት ጣቷን እንዳስገባች ዘጠኝ ሰዓት ሞላ።

ጎማው ዞረ። አሮጌው ካቴና አዲሱ ጥርስ ላይ አልቀመጥ አለና ሊወልቅ ሆነ። ዘርጋው «እጅሽን አውጪ!» ብሎ ጮኸ። አላወጣችም። ተጭና ጥርሱ ላይ አስቀመጠችው። ካቴናው ተቀመጠ፣ ሁለቱ ጣቶቿ ግን ተቆርጠው እዚያው ቀሩ። ዘርጋው እጇን በነጠላ ጠቀለለላት፤ እሷ ግን ዓይኗን ከጎማው ላይ አላነሳችም።

ይሄኔ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሪው ብቻውን ግራና ቀኝ ይወራጫል፣ ማቆሚያው መሬቱን ይቆፍራል። «የሚይዝለት ሰው የለም፤ ይወድቅበታል!» አሉ እናትየው። የመጨረሻው ልጅ ስንሻው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ ጊዜ ሞተሩን ስለጣለው አባቱ «ዳግመኛ እንዳትነካው» ብለውት፣ ሳይታረቁት ነው የሞቱት። ከበሩ ሥር ተነስቶ መጣና ሞተሩ ላይ ወጣ፣ መሪውንም ጨብጦ ያዘ።

«ዞረህ እንዳታይ፣ ልጄ፤ ካየኸው ከመንገድ ይመለሳል» አሉት እናቱ።

ግቢው ውስጥ ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ የስንሻው ጸጉር ግን ወደኋላ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ከኋላው ያለው ባዶ መቀመጫ ሰው እንደተቀመጠበት ዝቅ አለ። የስንሻው ሸሚዝ ከጀርባው ራሰ። ወገቡ ላይ፣ በቀኝም በግራም፣ የእጅ ቅርጽ ያለው እርጥብ ምልክት ወጣ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ለሚያናግረው ሰው የሚመልስ ይመስላል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። እንባው ይወርዳል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዞሮ አላየም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጎማው ቆመ። ጭቃው የገዛ ደጃቸው ነጭ አፈር ነበር። ከሞተሩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ እርጥብ የእግር ዱካ ወጣ። እትዬ ወደርየለሽ «እንኳን ደህና ገባህ» አሉና፣ ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጠዋት ሲነቁ ከአጠገባቸው፣ ትራሱ ላይ፣ ቁልፉን አገኙት። ውሃ ያንጠባጥባል። አርባውም በዚያው ቀን ወጣ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዘርጋው ሞተር ያለ ጥርስ ቆሟል፣ አራት ልጆች እጁን ያያሉ። ጥርሱን መልሶ እንዳይፈታ እናቱ «ከፈታኸው ተመልሶ መንገድ ይወጣል» ብለው ገዝተውታል። «እማዬ፣ የእኔ ጥርስ ባይኖር እስካሁን አቀበቱ ሥር አልነበረም?» አለ። ይመኙሻል የተጠቀለለ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «ጥርስ ብቻውን አይሄድም፣ ወንድሜ» አለች። በዚያ እጅ ከእንግዲህ ብሎን አትፈታም። ስንሻው ደግሞ ከዚያች ቀን ወዲህ አፉ አልተፈታም፤ ጀርባውን ግድግዳ ሳያስደግፍም አይቀመጥም። እናቱ «አባትህ ምን አለህ? ታረቀህ?» ብለው ሲጠይቁት ያለቅሳል እንጂ አይመልስም። ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ብቻ ቀና ይላል።

እትዬ ወደርየለሽ ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው ይዘውታል። ለአንዱ ሊሰጡ ሲነሱ የሌላው ፊት ይታያቸዋል፤ አንጀታቸው አልቆርጥ አለ። ቁልፉ ደግሞ አይደርቅም። ፀሐይ ላይ አስጥተውታል፣ የሞቀ አመድ ውስጥ ቀብረውታል፤ መቀነታቸው አሁንም እንደራሰ ነው። «ለተገባው ሰው እስክሰጥ አይደርቅም» ይላሉ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ካቴናው አንድ ጊዜ ቀጭ አለ አሉ።

በሉ፣ አሁን አፋችሁን ክፈቱ፤ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፍረዱ። ጋሽ ወልደየስን ቤታቸው ያደረሳቸው የልጆቹን እንጀራ ፈትቶ የሰጠው ነው? እጇን ያላወጣችው ናት? ወይስ ዞሮ ያላየው? ቁልፉ ለማን ይገባል?