ጥቁር አፈር የጠበቀው ሰው

ፊሎሜና ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዛ ኖራለች፦ ሰው ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል የሚበቃው መቼ ነው?

ያኔ ከእኩዮቿ ጋር ነጭ ቀሚስ ለብሳ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናቸው ለመጀመሪያ ቁርባኗ ተሰልፋ ሳለች፣ በዋዜማው ንስሐ ስትገባ ሳትናገራት የቀረች አንዲት ኃጢአት ትዝ አለቻት። ከእናቷ ጣሳ የቃመችው ስኳር ነበር። ደንግጣ ከሰልፉ ወጣች። «የተሻልኩ ቀን እቀበላለሁ» አለች ለራሷ። ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ስለ ምስጢራት የተጻፈ መጽሐፍ ባገኘች ቁጥር አነበበች፤ ባነበበች ቁጥር ደግሞ ፍርሃቷ ጨመረ። ተመርቃ ወደ አጥቢያዋ ቁምስና ከተመለሰችም በኋላ እሑድ እሑድ ሌሎቹ ሊቆርቡ ሲነሡ እሷ ጉልበቷን ሰብስባ ታሳልፋቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቁምስናው ካህን ቆሞሱ ንስሐ ሊሰሙ ከመምጣታቸው በፊት፣ መምህር ኤርጫፎ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች ሲያስተካክሉ አገዘቻቸው። መምህር ኤርጫፎ የቁምስናው ካቴኪስት፣ የሃይማኖት ትምህርት አስተማሪ ናቸው፤ በልጅነቷ ማማተብ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። የአንዱን ወንበር ጫፍ እንደያዘች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ጥያቄዋን ነገረቻቸው። የስኳሩንም ነገር አልደበቀችም።

«አሁን ስንት ዓመትሽ ነው?» አሏት።

«ሃያ አራት።»

«ስኳሩማ እስካሁን ሟሙቷል» ብለው ሳቁ። ከዚያም ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ እሷንም አስቀምጠው እንዲህ አሏት፦

«አንድ ሰው ነበረ። ከአባቱ ቤት ወጥቶ አዲስ ጎጆ ቀለሰ፤ ጓሮው ግን ቀይ፣ ደረቅና ድንጋይ የበዛበት አፈር ነበር። የጎረቤቱ እንሰት ቤቱን ከብቦ ጥላው ደጅ ይደርሳል፤ አፈሩም ጥቁር ነው፣ በእጅ ሲይዙት ፍርፍር የሚል። ጎረቤቱ ደግ ነበርና በመትከያው ወራት አሥር የእንሰት ችግኝ ተሸክሞ መጣ። ‹እንካ፣ ትከል› አለው። ሰውየው እጅ ነሥቶ ‹እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን በዚህ አፈር ብተክለው ስጦታህን ማዋረድ ነው። የእኔም አፈር እንደ አንተው ሲጠቁር እወስዳለሁ› አለ። ጎረቤቱ ችግኙን ተሸክሞ ተመለሰ።

በዓመቱም መጣ፤ በሚቀጥለውም መጣ። ሰውየው ማለዳ ማለዳ ከጓሮው አፈር ዘግኖ እያየ ‹ገና ነው› ይላል። የሰፈሩ ሰው በትሕትናው አመሰገነው። ልጆቹ ግን የሚበሉት ቆጮ ከሰው ቤት የተለመነ ነበር። ሚስቱ አንድ ቀን ‹አንተ ሰው፣ አፈሩ እስኪጠቁር ጸጉራችን ነጣ› አለችው።

ከዚያ ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ። በቆሎው በቁሙ ደረቀ፤ እንሰት ያለው እንሰቱን ፍቆ በላ። ሰውየው እያፈረ ወደ ጎረቤቱ ሄደና ‹ልጆቼ ተራቡብኝ› አለ። ጎረቤቱ መጀመሪያ ቆጮ ሰጠው፤ ቀጥሎ ዶማውን አንሥቶ ወደ ጓሮው ይዞት ገባ፤ በሁለት እንሰቶች መካከልም ይቆፍር ጀመር። አንድ ክንድ ያህል ሲወርድ ጥቁሩ አፈር አለቀ። ከሥሩ የወጣው ቀይ ነበር፤ ልክ የሰውየውን ጓሮ የመሰለ።

ሰውየው ከዚያ ቀይ አፈር ዘግኖ ወደ ዓይኑ አቀረበ። ‹ታዲያ የላዩን ማን አጠቆረው?› አለ።

‹እንሰቱ ነዋ› አለ ጎረቤቱ። ‹አባቴ የተከለው በዚህ በቀዩ ነው። በየዓመቱ ቅጠሉ ወደቀ፣ ፍግ ጨመርንበት፣ ጥላው እርጥበቱን ያዘ። አንተ ድንጋዩን ልቀም፤ ድርሻህ እሱ ነው። ማጥቆሩን ለተክሉ ተውለት።›

ሰውየው በራሱ ሳቀ። ጓሮውን ከድንጋይ አጸዳ፤ ዝናቡ ሲመለስም አሥሩንም ችግኝ ከጎረቤቱ ተቀብሎ ተከለ።»

መምህር ኤርጫፎ ወደ ፊሎሜና ዞሩ። «ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ትሕትና መስሎሽ ነው እንጂ ጌታን በየእሑዱ ስጦታውን አሸክመሽ ትመልሺዋለሽ። ድንጋይ ለመልቀም ንስሐ አለልሽ። ቁርባኑ ግን አፈሩ ለጠቆረለት ሰው የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ አፈሩን የሚያጠቁረው እሱ ነው። እኔ ይኸው አርባ ዓመት ቆርቤያለሁ፤ አንድ ክንድ ብትቆፍሪኝ ቀይ ነኝ።»

«እርስዎም?» አለች።

«ባለቤቴን ጠይቂያት።»

ፊሎሜና ሳቋ አመለጣት። ቆሞሱ ገብተው ከመሠዊያው ጎን ተቀመጡ፤ ንስሐ የሚገቡ ሁለት እናቶችም ተራ ያዙ። አንደኛዋ ዞር ብላ «ቅደሚ ልጄ፣ የእኛ ረጅም ነው» አለቻት።

«የእኔም አሥራ ሦስት ዓመት የቆየ ነው፤ ተራዬን እጠብቃለሁ» አለችና ከኋላቸው ተቀመጠች። ዛሬ ንስሐ ልትገባ፣ ነገ በቅዳሴው ልትቆርብ ወሰነች።