አያ ጅቦና የነፋሱ መዘውር

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ደጋግሞ በከዳው አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ የሚኖሩ አራዊት ውኃ ፍለጋ በየቀኑ ወደ ጥልቅ ገደል ይወርዱ ነበር። ምንጩ ያለው ከገደሉ ሥር ነው፤ መንገዱ ደግሞ ቀጭንና የሚያንሸራትት። ስንቱ ግልገል ተንከባሎ ቀረ፤ ስንቱ ያረጀ አውሬ ጠጥቶ መውጣት አቅቶት እዚያው ተኛ። ይህ ነገር ጦጢትን ከነከናት። ጦጢት እጇ ሥራ የማይፈታ ብልሃተኛ ስለነበረች፣ ብዙ ደክማ ብዙ አፍርሳ፣ በመጨረሻ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ የነፋስ መዘውር አቆመች። ነፋሱ የመዘውሩን ረጃጅም ክንፎች ያዞራል፤ ክንፎቹ ፓምፑን ያንቀሳቅሳሉ፤ ፓምፑም የምንጩን ውኃ በቱቦ ስቦ ሜዳው ላይ ወዳለው ኩሬ ያወጣል። የሚማገድ እንጨት የለ፣ ጭስ የለ።

አራዊቱ በደስታ ጨፈሩ። ንጉሡ አንበሳ፣ በኩሬው ዙሪያ ማንም ማንንም እንዳይነካ ሕግ አወጣና ቀበሮን የውኃ ሹም አድርጎ ሾመው። ቀበሮ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሁሉ ቀድሞ ጠጪ፣ ከሁሉ ቀድሞ ታጣቢ፣ ተራ ሰጪና ተራ ነሺ ሆነ። ጅራቱ ሳይቀር አማረበት።

በዚያ አገር አያ ጅቦም ይኖር ነበር። አያ ጅቦ ክፉ የሚባል አልነበረም፤ ሆዱ ግን ሁልጊዜ ከሐሳቡ ይቀድማል። አንድ ማለዳ ሌሊቱን ሙሉ ዞሮ ምንም ሳያገኝ ሲመለስ፣ ከመዘውሩ ሥር የወደቀ ትልቅ አሞራ አየ። አንደኛው ክንፉ ተሰብሯል፤ ገላው ገና ይሞቃል። አያ ጅቦ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፤ ከልካይ የለም። በላው።

በማግሥቱ ሌላ አገኘ። ከዚያ በኋላማ አደን ሁሉ ተወ፤ ማለዳ ማለዳ መዘውሩ ሥር ሄዶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «ለካስ ምግብ ከሰማይም ይወርዳል!» አለ ለራሱ። ለምን እንደሚወርድ ግን አልጠየቀም።

ይህን ከሩቅ ሲያይ የከረመው ቀበሮ አንድ ቀን ጅራቱን እያወዛወዘ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ እንዴት ሰነበትክ? ወፍረሃል እኮ!»

«ተመስገን ነው» አለ አያ ጅቦ አፉን እየጠረገ።

«ግን ምን ያደርጋል፣ ይህ ምቾትህ ሊቀርብህ ነው። እመት አሞራ ነገ ንጉሡ ፊት ልትከስ ነው። መዘውሩ ወገኖቼን ፈጀ ትላለች። ከቆመ ማን ይጥልልሃል?»

አያ ጅቦ ደነገጠ። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መዘውሩ ሥር ውሎ የሚያድረው አንተ ነህ፤ ምስክርም አንተው ነህ። አሞሮቹ የሞቱት በእርጅና ነው በል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ያ ትንሹስ? ላባው እንኳ ገና አልጠነከረም ነበር።»

«እሱም በእርጅና ነው» አለ ቀበሮ።

በማግሥቱ አራዊቱ በሙሉ ኩሬው አጠገብ ተሰበሰቡ። እመት አሞራ አንድ ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ ወንድሜን አጣሁ። ከዚያ ልጄን። ትናንት ደግሞ ባሌን። እኛ አሞሮች ከባድ ነን፤ በክንፋችን ጉልበት ብቻ አንነሳም። ጠዋት ፀሐይ ዓለቱን ስታሞቀው ከገደሉ የሚወጣ ነፋስ አለ፤ የሚያነሳን እሱ ነው። መዘውሩ የቆመው እዚያው መንገዳችን ላይ ነው።»

«ያን የሚያህል ነገር አታዩትም?» ሲል ጠየቀ አንበሳ።

«ስንበር ዓይናችን መሬት ላይ ነው፤ ምግባችን ያለው ታች ነዋ! ክንፎቹ ደግሞ ነጭ ናቸው፤ ከሰማዩ ጋር ይመሳሰሉና አጠገባችን እስኪደርሱ አይታዩንም።»

«እንግዲያው ይፍረስ ነው የምትይው?»

«አላልኩም፣ ጌታዬ። የማንም ልጅ ይጠማ አልልም። ጠዋት እኛ እስክንነሳ ድረስ ብቻ ይቁም። ከክንፎቹም አንዱ ጥቁር ይቀባልን፤ ሲዞር እንድናየው።»

ጦጢት ጭንቅላቷን አከከችና «ይህማ የሚያስቸግር አይደለም…» ብላ ልትቀጥል ስትል ቀበሮ ዘሎ መሃል ገባ።

«ጌታዬ! ዛሬ ጠዋት ይቁም ይላሉ፣ ነገ ከሰዓትም ይቁም ይላሉ። ውኃው ይቀንሳል፤ ልጆቻችን ያን ገደል ዳግመኛ ሊወርዱ ነው! ለመሆኑ መዘውሩ ነው የገደላቸው ያለው ማን ነው? ምስክር አለኝ።»

አያ ጅቦ እየተጎተተ ወደ መሃል ወጣ። «በእርጅና ነው የሞቱት» አለ። ቀበሮን አየት አደረገና ጨመረ፦ «ትንሹም በእርጅና ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ። ነገር ግን ውኃው ይቀንሳል የሚለው ቃል ሁሉንም አስፈርቶ ነበር። አህያ፣ ባለፈው ዓመት ልጅዋ ገደል የገባባት፣ ከሁሉ ቀድማ «ውኃችንን አትንኩብን!» ብላ ጮኸች። ሌሎቹም ተቀበሏት። አንበሳ ጩኸቱን አዳመጠ፤ እመት አሞራን አየ፤ ከዚያም ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ «መዘውሩ እንዳለ ይቀጥል» ሲል ፈረደ።

እመት አሞራ ከድንጋዩ ወረደች። በአያ ጅቦ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«አያ ጅቦ፣ መዘውሩ ሳይመጣ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሰማይ ታይ የነበረው ምን ልታይ ነበር?»

 ይህን ብላ የተረፉትን አሞሮች ይዛ ወደ ማዶው ተራራ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ከመዘውሩ ሥር የሚወድቅ ጠፋ። አያ ጅቦ ጥቂት ጠዋት በከንቱ ከጠበቀ በኋላ ወደ ቀድሞ ኑሮው ልመለስ ብሎ ተነሣ። በጋው በርትቶ ነበር፤ እዚህም እዚያም የሚሞት አይጠፋም። ችግሩ የት እንደሞተ የሚያሳየው ማጣቱ ነው። ድሮ አሞሮቹ ሰማይ ላይ ሲዞሩ ያያል፤ ከሥራቸው ይሮጣል፤ ይደርሳል። አሁን ቀና ሲል ባዶ ሰማይ ነው። እግሩ እስኪዝል ዞሮ፣ ካገኘም የሚያገኘው ከርሞ የበሰበሰውን ነው። ጎኑ ተጣበቀ።

በዚያው ሰሞን ከኩሬው የሚጠጡት ሁሉ ይታመሙ ጀመር። ሆድ ያማል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ዓይን ይደበዝዛል። የአህያ ሁለተኛ ልጅ፣ ገና ጡት ያልተወች ውርንጭላ፣ ኩሬው ዳር ተኛችና ሳትነሳ ቀረች። አህያ አጠገቧ ቆማ ዋለች፤ ዝንቡን በጅራቷ ትከላከልላት ነበር። አያ ጅቦ ይህን ከሩቅ አየ። እንደዚያ ርቦት እያለ መጠጋት አልሆነለትም።

ቀበሮ ግን «ውኃው ንጹሕ ነው፤ የወቅት ሕመም ነው» እያለ ያውጃል። አያ ጅቦ አንድ ማለዳ ሲያልፍ፣ ይኸው ቀበሮ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቆ ከቅጠል ላይ ጤዛ ሲልስ አገኘው።

«ሹሙ፣ ኩሬው ሞልቶ ሳለ ጤዛ ምን ይሠራልሃል?»

«ለድምፅ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው» አለ ቀበሮና ጥሎት ሄደ።

አያ ጅቦ ነገሩ ደስ አላለውም። ከገደሉ የሚመጣ መጥፎ ሽታ አፍንጫውን ሲነካው ሰንብቷልና ሽታውን ተከትሎ ወረደ። ከምንጩ ከፍ ብሎ፣ ዓለት ውስጥ ተቀርቅሮ የሞተ ትልቅ ጎሽ ነበር። አብጦ ፈንድቷል፤ ከሥሩ የሚወርደው ነገር ጠብ ጠብ እያለ ምንጩ ውስጥ ይገባል። ፓምፑ ምን ያውቃል፤ ያገኘውን ይስባል። አያ ጅቦ እንኳ፣ ያ ሆዳም፣ ሊቀምሰው አልቻለም፤ ቢፈልግም ዓለቱ አያስጠጋውም። ክንፍ ያለው ብቻ ነው እዚያ የሚደርስ።

ቁጭ አለ። ማሰብ ስላልለመደ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። «እንዲህ ያለውን ማን ነበር የሚበላው?» አለ ጮክ ብሎ። ገደሉ ድምፁን መለሰለት እንጂ ሌላ የመለሰ አልነበረም። እንደዚያ ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱ ገባው፤ ሲገባውም አመመው።

በዚያው ወደ ማዶው ተራራ አመራ። እመት አሞራን ከፍ ካለ ዓለት ላይ ተቀምጣ አገኛትና ከታች ሆኖ ተጣራ።

«እመት አሞራ! ተመለሱልን።»

«ወዴት? ወደ መዘውሩ?»

«ነገ ጠዋት ይቆማል።»

«ንጉሡ አዘዘ?»

«አላዘዘም።»

«ታዲያ ማን ያቆመዋል?»

«እኔ።»

እመት አሞራ ከዓለቱ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይህንንም የምታደርገው ለሆድህ ነው?»

«ለሆዴም ነው» አለ አያ ጅቦ። «አልዋሽሽም፤ ርቦኛል። ግን የአህያ ልጅም ሞታለች። ምንጩም ተበላሽቷል። እኔ ያን ማጽዳት አልችልም።»

እመጣለሁም አልመጣምም አላለችውም። አያ ጅቦ በመጣበት ተመለሰ።

ጎህ ሲቀድ መዘውሩ ሥር ደረሰ። ጦጢት ለጥገና ስትል መዘውሩን የምታቆምበት ወፍራም ገመድ ነበር። አያ ጅቦ ገመዱን በመንጋጋው ነከሰና አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ሳበ። የጅብ መንጋጋ የያዘውን አይለቅም። ክንፎቹ ቀስ አሉ፤ ተንቀጠቀጡ፤ ቆሙ።

ጦጢት የመዘውሩ ድምፅ ሲጠፋባት እየሮጠች መጣች። «አያ ጅቦ! ምን ሆነሃል?»

«እምምም» አለ አያ ጅቦ። አፉ ገመድ ነው።

ቀበሮ እየጮኸ መጣ፤ አራዊቱ ተከተሉት፤ በመጨረሻም አንበሳ መጣ። «ልቀቅ!» ብሎ አገሣ። አያ ጅቦ እምቢ ሲል ራሱን ነቀነቀ። ነፋሱ በረታ፤ ገመዱ ድዱን ቆርጦት ደሙ በአገጩ ወረደ። አልለቀቀም። አንበሳ ሊጠጋው ሲል አህያ ወደ ሰማይ ቀና አለችና «ኧረ እዩ!» አለች።

ከማዶ አሞሮች ይመጡ ነበር። ጥቂት ናቸው። ከገደሉ በሚወጣው ነፋስ ላይ ተንሳፍፈው፣ በቆሙት ክንፎች መሃል አለፉ፤ አንድም አልተነካም። አንዴ ዞሩና ጎሹ ወዳለበት ዓለት ወረዱ።

አያ ጅቦ ያን ጊዜ ገመዱን ለቀቀ። ጦጢት ኩሬውን ሄዳ አይታ ተመለሰች። «የጎደለው አንድ ጣት ያህል ነው» አለች።

አንበሳ ወደ አያ ጅቦ ዞረ። «በእርጅና ሞቱ ብለህ የመሰከርከው አንተ አልነበርክም?»

«ሆዴ ነው የመሰከረው፣ ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ ደሙን እየላሰ። ማንም አልሳቀም።

 አንበሳም «እኔም የፈረድኩት ምስክርነትህን አምኜ አይደለም። ጩኸቱን ፈርቼ ነው» አለ። ጠዋት አሞሮች እስኪነሡ መዘውሩ እንዲቆም፣ ከክንፎቹም አንዱ በጥላሸት እንዲጠቁር አዘዘ። ቀበሮም «እኔ እኮ ከመጀመሪያውም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር» ቢልም ሹመቱ ተነሥቶ የተበላሸውን ኩሬ እንዲጠርግ ተፈረደበት።

አሞሮቹ ጎሹን አጥንቱ ብቻ እስኪቀር ጨረሱት፤ ምንጩም ውሎ አድሮ ጠራ። የሞቱት ግን አልተመለሱም። አሞራ በዓመት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ስለሆነ ሰማዩ ቶሎ አልሞላም። ገመዱን የመያዙን ሥራ አያ ጅቦ ለራሱ ወሰደ። አንዳንድ ጠዋት ከገደሉ የሚነሣ አንድም አሞራ የለም፤ ጦጢትም «ዛሬ የሚመጣ የለም፣ በቃ ልቀቀው» ትለዋለች። እሱም ገመዱን በጥርሱ እንደያዘ እየተኮላተፈ «ቆይ፣ የዘገየ ይኖር ይሆናል» ይላታል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለኑሯችን ይበጃል ብለን የምንሠራው መልካም ነገር እንኳ የማንን መንገድ እንደሚዘጋ አስቀድመን ካልጠየቅንና የተጎዳውን ካልሰማን፣ ያ ፍጡር ሲጠፋ አብሮ የሚጎድለው የገዛ ኑሯችን መሆኑን ነው።