ፍርሃት ያልተማረው ፕሮግራም

በአንድ መሥሪያ ቤት አፏ የማያርፍ የኔትወርክ ባለሙያ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት በሦስት መደብ ተከፍሏል፤ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሠራተኛውና ባለጉዳይ ለሚስተናገድበት መዝገብ ቤት። መስመሩ በተጨናነቀ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘነበወርቅ የሚቆጡት መዝገብ ቤትን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስበው፣ «መስመሩን ያጣበበው መዝገብ ቤት መሆኑን ዛሬውኑ አሳዪንና እንቁረጠው» አሏት።

ባለጉዳዩ ሁሉ ሜዳ ላይ ሊቀር መሆኑ ስለገባት፣ በየመደቡ ያለፈውን የዳታ መጠን መስመሩን ከሚያከፋፍለው ማሽን ጠይቆ የሚያመጣ አጭር ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈች። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ በሠራተኛው ፊት በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲታይ፣ ከመቶ ዘጠናውን የወሰደው የሥራ አስኪያጁ መደብ ነበር። መዝገብ ቤት ሁለት እንኳ አልሞላም።

የአቶ ዘነበወርቅ ፊት ተለዋወጠ። «ምን ያለ ደፋር ፕሮግራም ነው? ስለ ማን እንደሚናገር አያውቅም?»

«ጌታዬ፣ ስንት እንዳለፈ ጠይቅ አልኩት እንጂ የማን እንደሆነ አይተህ ፍራ አላልኩትም» አለች።

«እሺ፣ መዝገብ ቤቱስ አይቆረጥ። ይህን ፕሮግራም ግን ፍርሃት አስተምሪው።»

«አስተምረው ነበር» አለች ቀና ብላ፤ «ግን መጀመሪያ እንደኛ ደመወዝ ይቆረጥለት።»